አያቴ ያላዩት ፊልም

አያቴ ስለ ጃንሆይ ውሾች ሲያወሩ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ በግራ እጃቸው ክንዳቸው ላይ ምልክት እያደረጉ የሥጋውን መጠን ያሳዩን ነበር። «ይኼን የሚያህል ሙዳ! ለውሻ!» ይላሉ። ቀጥለው ወደ ወሎዋ እናት ይሻገራሉ። ልጇን ታቅፋ መንገድ ዳር መቀመጧን፣ ዝንቡን እሽ ለማለት እንኳ አቅም ማጣቷን፣ ነጠላዋ በየት በኩል እንደተቀደደ ሳይቀር ይነግሩናል። የሚጨርሱት ሁልጊዜ በአንድ አባባል ነው፦ «በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።»

ያደግኩት ሐሙሲት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ወረታ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት፣ ስሟ ራሱ የገበያ ቀኗን የሚናገር ከተማ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ መልስ ዘመድ አዝማዱ እኛ ቤት ጎራ ይላል፤ ጠላ ይቀዳል፤ አያቴ ይተርካሉ። ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ሴትዮዋን ግን እኔም የማውቃት ይመስለኝ ነበር።

ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለሁ ስለ አብዮቱ ሳነብ ነው ነገርዬው የተገለጠልኝ። አያቴ የሚተርኩት ፊልም ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየ፣ ቀኑ የሚታወቅ ፊልም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በዚያ ዘመን እኛ ሠፈር ቴሌቪዥን አልነበረም። መብራትም አልነበረም። አያቴ ደግሞ አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይተው፣ ለሕክምና ነው።

ለእረፍት ስመለስ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ያንን ነገር የት ሆነው ነው ያዩት?»

«እዚሁ ነዋ። የት ልሄድ?»

«ያኔ ቴሌቪዥን ነበር እንዴ?»

ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመ። የያዙትን ዋንጫ መሬት አስቀመጡና «ሬድዮ ነበረ» አሉ።

በልቤ ሳቅሁ። ዋሹ ብዬ ደመደምኩ። እንዳልዋሹ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ያው ነገር በራሴ ላይ ሲደርስ ነው።

መቀሱ

በ1965 እና በ1966 ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። መንግሥት ደግሞ እንዲወራ አልፈለገም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ መጣና ያየውን ቀረጸ። ፊልሙ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርእስ ጥቅምት 1966 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። እንግሊዞች አይተው ደነገጡ፤ ገንዘብ አዋጡ። ኢትዮጵያውያን ግን በገዛ ቴሌቪዥናቸው ለማየት አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያኔ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ዘውዱን ለማክበር የተከፈተ ጣቢያ ነው እንግዲህ በአሥረኛ ዓመቱ ዘውዱን ለመጣል ያገለገለው።

መስከረም 1 ቀን 1967፣ የዕንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ ደርግ ያንን ፊልም አሳየ። ጃንሆይም እንዲመለከቱት ተነግሯቸው ነበር። ለሕዝብ የታየው ግን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥት ግብዣ ገብቶበታል፤ ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች ገብተውበታል። የሚያጣጥር ሰው ይታያል፣ ከዚያ የተሞላ ማዕድ። የከሳ ሕፃን ይታያል፣ ከዚያ የጠገበ ውሻ። በማግሥቱ ጠዋት፣ መስከረም 2፣ የመኮንኖች ቡድን ቤተ መንግሥት ገብቶ የመውረጃቸውን አዋጅ አነበበላቸው። ጃንሆይም በአንዲት ቮልስዋገን ተወሰዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ምሽት ከታዩት ምስሎች አንዱም የፈጠራ አይደለም። ረሃቡ እውነት ነው። ግብዣውም እውነት ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ የሆኑ ግን አይደሉም። አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጣቸው መቀስ የያዘ ሰው ነው። የዚያ ሰው ፊት በፊልሙ ውስጥ የለም።

የሲኒማ ሰዎች ይህንን ጉልበት ቀድመው ያውቁት ነበር። ከዚያ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የአንድ ተዋናይን ገጽታ ከሦስት ምስሎች ጋር ቀጠለው ይባላል፤ ከአንድ ሳህን ሾርባ፣ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ካለ ሕፃን፣ ከአንዲት ሴት ጋር። ሦስቱም ጋ ያለው ገጽታ ያው አንዱ ነው። ተመልካቹ ግን ሰውዬው ሲርበው፣ ሲያዝን፣ ሲመኝ አየሁ ብሎ ትወናውን አደነቀ። ያየውን ስሜት የፈጠረው ራሱ ተመልካቹ ነው። ጎረቤቱን ምስል የመረጠለት ግን ሌላ ሰው ነው።

ይህን ስል ደርግ ያሳየው ሁሉ ውሸት ነበር ለማለት አይደለም። አገር እየተራበ ቤተ መንግሥቱ መደገሱ እውነት ነው፤ ሁለቱን ምስሎች ያጣበቀው መቀስም አንድ እውነት ተናግሯል ማለት ይቻላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ተመልካቹ ሁለት ነገር አየ፣ ሦስተኛውን ራሱ ደመደመው፤ ስለዚህ የገዛ ሐሳቡ አድርጎ ያዘው። ሰው ከሌላ የሰማውን ሊጠራጠር ይችላል። ራሱ የደረሰበትን ግን በቀላሉ አይለቅም።

ሬድዮ ነበረ

ያ ፊልም ሐሙሲት የደረሰው በጆሮ ነው። ለመንደሩ ሁሉ አንድ ሬድዮ ነበረች፤ ድንጋይዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ዜናው ይነበባል፤ ሰው ተሰብስቦ ይሰማል፤ ከባሕር ዳር የመጣ ሾፌር ከአዲስ አበባ ከመጣ ሰው የሰማውን ይጨምርበታል፤ ሐሙስ ገበያ ላይ ሌላው ሌላ ይቀጥልበታል። አያቴ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ናቸው። የሰሙትን ሁሉ በውስጣቸው ፊልም አደረጉት። ነጠላዋን የቀደዱት እሳቸው ናቸው። የሙዳውን መጠን የለኩት እሳቸው ናቸው።

የሚገርመው ደግሞ ዘመኑ ነው። ያ ፊልም አዲስ አበባ ላይ በታየበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1974 ዓ.ም. ኤልሳቤጥ ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ለ150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ አጭር ፊልም ያሳዩና ለ50ዎቹ «መኪናዎቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» በሚል ዓይነት ከረር ያለ ቃል፣ ለሌሎች 50ዎቹ ደግሞ «ሲነካኩ» በሚል ዓይነት ለስለስ ያለ ቃል ጥያቄ ያቀርባሉ። የቀሩት 50ዎቹ ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። ከረር ያለውን ቃል ከሰሙት 16ቱ፣ ለስለስ ያለውን ከሰሙት 7ቱ፣ ስለ ፍጥነት ካልተጠየቁት ደግሞ 6ቱ «አዎ» አሉ። ፊልሙ ውስጥ ምንም የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ትዝታ ማለት እንደ ሃርድ ዲስክ ያስቀመጥነውን የሚመልስልን ነገር አይደለም ማለት ነው። ባስታወስን ቁጥር እንደገና ይሠራል፤ ሲሠራ ደግሞ በኋላ የሰማነውን እየቀላቀለ ነው። አያቴ አልዋሹም። ከሬድዮና ከገበያ ወሬ የተሠራ ምስል ዓይናቸው ውስጥ ቀርቶ፣ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ምልክት ብቻ ጠፍቶባቸው ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ምስሉ እሳቸውንም ሌላ ሰው አድርጓቸዋል። አንድ ቀን «ወሎን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው» ብለውኛል። ከዚያ በፊት አገር ማለት ለእሳቸው ከጉማራ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው ነበር፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ባላንጣ። ያላዩዋት የወሎ ሴት ግን «የኛ ሰው» ሆነች። አይተዋት አያውቁም፤ አልቅሰውላታል። ጋዜጣና ሬድዮ የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ ሕዝብ ያደርጋሉ የሚለውን ነገር ምሁራን በወፍራም መጽሐፍ ጽፈውታል። እኔ ያየሁት ጠላ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሽማግሌ እንባ ነው።

መቀሱ እጅ ሲቀይር

አሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት አከበረ፤ የኢሠፓን ምሥረታም አወጀ። አዲስ አበባ በባንዲራና በመፈክር አጊጣ ሰልፍ ወጣች። በዚያው ሰሞን ሰሜኑ ደግሞ እንደገና እየተራበ ነበር። የጃንሆይን ግብዣ ከወሎ ረሃብ አጠገብ ያስቀመጠው መንግሥት አሁን ራሱ ደጋሽ ሆነ። የራሱን ድግስ ከራሱ ረሃብ አጠገብ የሚያስቀምጥ መቀስ ግን በአገር ውስጥ አልነበረም።

መቀሱ ከውጭ መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የማይክል በርክ ዘገባ ከቆረም በቢቢሲ ቀረበ። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነው፤ በኋላ፣ በ1989፣ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሕይወቱ ያለፈው ያው ሞሐመድ አሚን። ዘገባውን በመላው ዓለም ከ400 በላይ ጣቢያዎች አሳዩት። በሚቀጥለው ክረምት ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤድ ተዘጋጀ። እርዳታው የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል፤ ይህንን መካድ ነውር ነው። ያ ምስል ግን አንድ ሌላ ሥራም ሠራ። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ከአንድ የደረቀ ሜዳ አጠገብ አስቀመጠውና ሄደ። እስከ ዛሬ ጥንዱን የቆረጠ መቀስ የለም።

እኔ ገና ባልተወለድኩበት ዓመት የተነሣ ምስል ነው። ግን ደርሶኛል። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ከውጭ አገር ባልደረቦች ጋር በቪዲዮ እንሰበሰብ ነበር። አንዱ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ «እናንተ ጋ የመጠጥ ውኃ ይገኛል?» አለኝ። ያደግኩበት የፎገራ ሜዳ በየክረምቱ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት አገር ነው። በ1998 ክረምት ጎርፉ ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀለ ሕፃን ሆኜ አስታውሳለሁ። የእኛ ችግር የውኃ ብዛት ነው! ይህንን ሁሉ ላስረዳው ፈልጌ ሳቅ ብቻ ወጣኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ምን ስሠራ ራሴን አገኘሁት መሰላችሁ? የሩዝ ማሳ ፎቶ ስፈልግ። አረንጓዴውን፣ በጣም አረንጓዴውን መርጬ ልልክለት። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኔ ለማን ነው መልስ የምሰጠው? ለባልደረባዬ አይደለም። የምከራከረው ከ1977 ካሜራ ጋር ነው። አገሬን የማሳይበት ፎቶ እንኳ የሚመረጠው ያንን ምስል እንዲያፈርስ ነው። የቦሌን ሕንፃ እየለጠፍን «ይህንን አያሳዩዋችሁም» የምንለው ሁላችን እንደዚያ ነን። ሌላ ሰው ለሠራው ምስል መልስ ስንሰጥ ስንኖር ያው ምስሉ ውስጥ እየኖርን ነው። የተራበ ጎረቤቱንም ላለማየት ፊቱን የሚያዞር ሰው ከዚሁ ይወጣል፤ «ገጽታ እንዳይበላሽ» እያለ። በ1966 ረሃቡን ያስደበቀውም ይኸው ሐሳብ አልነበር?

የኔ መቀስ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሶፍትዌር ገንቢ ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ውስጥ አጫጭር ቪዲዮና ዜና የሚያሳይ መተግበሪያ ላይ ሠርቻለሁ። የኔ ድርሻ ቅደም ተከተሉ ነበር። ተጠቃሚው ስልኩን ሲከፍት ምን ቀድሞ ይምጣለት? ከዚያስ ምን ይከተል? ደንቡ ቀላል ነው፦ ሰውዬው ብዙ ሰከንድ ይቆይበታል ተብሎ የሚገመተው ወደ ላይ ይውጣ። ከኮዱ ሁሉ የኮራሁበት ክፍል ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አጭር ነው።

ቅደም ተከተል ሰውን እንደሚነካ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 2012 ፌስቡክ ለአንድ ሳምንት የ689,003 ተጠቃሚዎችን ገጽ ነካክቶ ነበር፤ ለአንዳንዱ ደስ የሚያሰኝ ጽሑፍ ቀነሰበት፣ ለአንዳንዱ የሚያሳዝነውን። በ2014 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ደስ የሚያሰኘው የተቀነሰባቸው ሰዎች ራሳቸው የሚጽፉት ቃል በጥቂቱ ወደ ኀዘን አዘነበለ። ለውጡ እጅግ ትንሽ ነው። ሰዎቹ ግን አልተነገራቸውም፤ ያን ሳምንት የተሰማቸውን የገዛ ስሜታቸው ነው ብለው አልፈዋል።

የኔ ኮድ አንድም ውሸት አልጻፈም። የደርግ መቀስም አንድም ምስል አልፈጠረም። ልዩነታችን ምንድን ነው? በ1967 መቀስ የያዘው ሰው ምን እንደፈለገ ያውቅ ነበር፤ የኔ መቀስ ምንም አይፈልግም። የልቅሶ ቪዲዮ ከሠርግ ጭፈራ ቀጥሎ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ። ትርጉሙን የምንሰጠው ግን ልክ እንደ ኩሌሾቭ ተመልካቾች እኛው ነን። ሌላም አለ። ያን ምሽት አዲስ አበባ ላይ ቴሌቪዥን የከፈተው ሁሉ ያየው አንድ ዓይነት ፊልም ነው፤ ጠዋት ተገናኝቶ ሊከራከርበት ይችላል። ዛሬ አንድ ቡና ረከቦት ከበን የተቀመጥን አምስት ሰዎች አምስት ዓይነት ፊልም አይተን ነው የመጣነው። ስለማናውቀው እንኳ አንከራከርም፤ እንዲያው «ይኼ ሰው ምን ነክቶታል?» እንባባላለን።

ጭሱ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት ሳይመለስም ቆየ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ እናቴ ሐሙሲት። ስልክም የሚሠራበት ቀን አለ፣ የማይሠራበት ቀን አለ። ከቤቴ የሚመጣ ምስል ሲቋረጥ ስለ ቤቴ የሚመጣ ምስል ግን በዛ። ከዚያ ያለ ሰው መለጠፍ አይችልም፤ ሌላው ሁሉ ይችላል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ «የሐሙሲት ገበያ ሲቃጠል» የሚል ቪዲዮ መጣልኝ። ጥቁር ጭስ፣ የሚሮጥ ሰው፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ከላዩ አንድ የእውነት የተኩስ ዜና ነበር፤ ከሥሩ አንዲት የምታለቅስ እናት። ወደ ቤት ደወልኩ፤ የለም። በማግሥቱም የለም። አራት ቀን። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ለመናገር አፍራለሁ። በቆየሁበት ቁጥር ተመሳሳይ ይልክልኛል፤ ለምን እንደሚልክልኝ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በአምስተኛው ቀን እናቴ አነሣች።

«እማዬ፣ ገበያው ተቃጠለ እንዴ?»

«ኧረ የምን ገበያ? ሰው ፈርቷል እንጂ ገበያውስ ቆሟል። ሩዙን ሳንሰበስብ ይኼ ነገር እንዳይመጣብን ነው የምንጸልየው። አንተ ግን በልተሃል?»

ፍርሃቱ እውነት ነበር። በዚያ ዓመት አካባቢያችን ላይ የደረሰው መከራም እውነት ነው፤ ያጣናቸው ሰዎች አሉ። ቪዲዮው ግን የኛ አልነበረም። ቆይቼ ስፈልግ ከሌላ አገር የመጣ፣ የቆየ ቪዲዮ ሆኖ አገኘሁት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው ዓመት ሐሙሲት ስሄድ ከመኪና እንደወረድኩ ዓይኔ የተቃጠለውን ቦታ ይፈልግ ነበር። እንዳልተቃጠለ አውቃለሁ! ግን ከዛፉ ጀርባ ጭሱ ሲወጣ፣ የበርበሬ ነጋዴዎቹ ሲሮጡ «ትዝ ይለኛል»። ቪዲዮው ውስጥ በርበሬ ነጋዴ አልነበረም። እነሱን የጨመርኳቸው እኔ ነኝ። ነጠላዋን እንደቀደዱት አያቴ።

በዓይኔ በብረቱ።

ሥራ ቦታዬ ላይ አንድ ነገር ሞክሬያለሁ። እያንዳንዱ ቪዲዮ ለምን እዚያ ቦታ እንደመጣ፣ መጀመሪያ መቼ እንደተለጠፈ የሚናገር አንድ መስመር ከሥሩ እንዲኖር ሐሳብ አቀረብኩ። «ሰው አያነብም፤ ቦታ ይይዛል» ተባለ። ቀኑ ብቻ ገባ፤ ያም በትንሽ ፊደል። ብዙም ሳልቆይ ሥራውን ለቀቅኩ። ጀግንነት አይደለም፤ ሌላ ሥራ አግኝቼ ነው። የጻፍኩት ደንብ ግን አሁንም እየሠራ ይመስለኛል።

በዚያው ጉዞ ሐሙስ ከገበያ መልስ የአሥራ ሁለት ዓመቱ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀመረ። የሆነ ቦታ የሆኑ ሰዎች የሆነ ነገር አደረጉ፤ እጁን ዘርግቶ መጠኑን ያሳየኛል። «እውነቴን ነው ጋሼ፣ አይቻለሁ» አለኝ። ውሸት ነው እውነት ነው አላልኩትም። «ከሱ በፊት ምን አየህ? ከሱ ቀጥሎስ?» ብዬ ጠየቅኩት።

አሰበ። ስልኩን አየ። መልሶ እኔን አየ።

አያቴ ቢያንስ የሚመልሱት ነበራቸው። ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ ትንሽ አፍረው፣ «ሬድዮ ነበረ» ብለውኛል። ያኔ የሳቅሁበት ያ መልስ በሕይወቴ ከሰማኋቸው እውነቶች ሁሉ ከባዱ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ልጁ አሁንም እያሰበ ነበር። አልቸኮልኩበትም፤ ዝም ብዬ ጠበቅኩት።